ቀርከሃው የተከፈተ ጊዜ

አማቴ ወልደሩፋኤል ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግትር ነበሩ። ሁለቱን ለይቼ ለማወቅ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ቦንጋ ከተማ በቆርቆሮ ቤት ያደግሁ የነጋዴ ልጅ፣ ከቢታ ገነት በላይ ጉም ከማይለቀው ተራራ ላይ ተድሬ ስደርስ፣ የተቀበሉኝ ከእግር እስከ ራሴ አይተው "ይህችማ ቀጭን ናት፤ ነፋስ ይወስድብናል" ብለው ነው። እኔም ዝም አላልኩም። "ነፋሱን እርስዎ ከከለከሉልኝ ምን ቸገረኝ" አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው በነገር እየነካኩኝ፣ እኔ እየመለስኩላቸው ኖርን። ባሌ ጣሰው በመሐላችን ተቀምጦ ቅርጫቱን ይሠራል። ዝምታውን ከእናቱ የወረሰው ይመስለኛል፤ ከአባቱ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ነፋሱን የሚከለክለው የሳቸው ቀርከሃ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ተነስቶ፣ ሸንተረሩን ይዞ እስከ ገደሉ አፍ የሚወርድ፣ በቀትር እንኳ ውስጡ ጨለም የሚል ደን ነው። በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ሺናቶ ይሉታል። መሐሉ ላይ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ምንጭ አለ፤ የምንጠጣው ከዚያ ነው። የቤታችን ግድግዳ ቀርከሃ፣ ጣሪያው ቀርከሃ፣ አጥሩ፣ አልጋው፣ የንብ ቀፎው ሁሉ ቀርከሃ ነበር። ጣሰውን ያወቅሁትም የቀርከሃ ወንበርና ቅርጫት ተሸክሞ ቦንጋ ገበያ እየመጣ፣ ከአባቴ ሱቅ ፊት ለፊት ሲዘረጋ ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ "የምሥራች፣ ቅርጫት ልትገዢ ወጥተሽ ባለቅርጫቱን ይዘሽ ገባሽ" ትለኝ ነበር።

የቀርከሃ ሕጋቸው አጭር ናት። እናቲቱ ቀርከሃ፣ ልጇ ከባለቤቱ ቁመት ሳያልፍ አትቆረጥም። ቡቃያው ከመሬት ሲወጣ እንደ ወይፈን ቀንድ ወፍራምና ጠቆር ያለ ነው፤ አንዴ ከወጣ ግን ዛሬ ያየኸውን ነገ አታውቀውም፣ እንዲያ ይወነጨፋል። አማቴ አጠገቡ ይቆማሉ፤ እጃቸውን ወደ ላይ ይዘረጋሉ፤ ጫፉን መንካት ሲያቅታቸው "ተከፍቷል" ይላሉ። እሳቸው ይህን ሳይሉ ገጀራ ይዞ የሚገባ ሰው በዚያ አገር አልነበረም። የገባ ሰው ቤት አይቆምለትም ይባላል።

ይህች ሕግ ለምን እንደምትሠራ ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ ምን አስጠየቀው? ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምራል፣ ቡቃያው በግንቦትና በሰኔ ይወጣል፣ በክረምት የሰው ቁመት ያልፋል። በክረምት ደግሞ ቀርከሃ የሚቆርጥ የለም፤ ጭቃው ራሱ አያስገባም። ሰው ገጀራውን የሚስለው መስቀል አልፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ቀርከሃው የጠጣውን ውሃ ከጨረሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ልጁ ጠንክሮ ቅጠል አውጥቷል፤ እናቱ ብትሄድም ራሱን ይችላል። ሕጓ ስለ ቁመት ብቻ ተናገረች፤ የቀረውን ዝናቡ ይጠብቅላት ነበር።

በሰባ ስምንት ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከአውራጃ አንድ ካድሬ መጣ። ስሙን ነግሮን ነበር፤ ሁላችንም "ጓድ" ስለምንለው ጠፋብን። ወጣት ነው። ጫማው ለእኛ አቀበት የሚሆን አልነበረም፤ ወደ ስብሰባው ሲወጣ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ማንም አልሳቀም። በየሸንተረሩ ተበታትኖ መኖር ከእንግዲህ እንደማይፈቀድ፣ ሁሉም ወደ ሜዳው ወርዶ በመስመር ቤት እንደሚሠራ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ እንደሚመጣ፣ ሥራውም ክረምት ሳይገባ ማለቅ እንዳለበት ነገረን። ይህ ሁሉ ቤት በምን እንደሚሠራ አንድ ሰው ቢጠይቀው እጁን ወደ እኛ ደን ዘረጋ።

አማቴ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ቀርከሃው ገና እንዳልተከፈተ ተናገሩ። ያለፈው ክረምት ዝናብ አጥሮ ነበርና ቡቃያው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ በዚያ ዓመት መስቀል ላይ ደኑን አልከፈቱትም ነበር። ካድሬው ይህ ኋላቀር እምነት ነው አለ፤ አብዮቱ የቀርከሃ ቡቃያ እንደማይጠብቅም ጨመረ። በማግስቱ ሚሊሻ ላከ። ሚሊሻዎቹ ግን የዚያው አገር ልጆች ናቸው፤ ደኑ አፍ ላይ ጥቂት ቆመው፣ አማቴን ሰላም ብለው ተመለሱ።

ነገሩ ሁሉ የወደቀው በገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በሀብተ ማርያም ላይ ነው። ሀብተ ማርያም የአማቴ የክርስትና ልጅ ነበር፤ ቤታችን ሲገባ ቆቡን የሚያወልቅ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። መንደሩ ካልተሠራ ተጠያቂው እሱ እንደሆነ ካድሬው በሰው ፊት ነግሮታል። ሊጠይቀን መጥቶ ብዙ ቆየ፤ ስለ ከብት አወራ፣ ስለ ጉንፋኑ አወራ። በመጨረሻ የመጣበትን አወጣ።

"ክርስትና አባቴ፣ ቀርከሃውን ይክፈቱልኝ" አለ። "ጣሰውና የምሥራች ይወርዳሉ፤ እሱ ከእኔ አቅም በላይ ነው። የእርስዎን ቤት ግን የቀርከሃ ጥበቃ ቤት ነው ብዬ አስቀረዋለሁ። ማንም አይነካውም።"

አማቴ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

"እዚያው ልሞትበት?" አሉት።

"እዚያው።"

ለሳቸው ከዚህ የበለጠ ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። ያን ቤት ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ከሚስታቸው ጋር ሠርተውታል። የጣሪያው ቀርከሃ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጭስ ጠቁሮ ብረት ሆኗል፤ ብታንኳኳው ይጮኻል። ሚስታቸው የሞቱትም እዚያው ነው። "ይህ ቤት የትኛው ጎኗ ላይ እንደምትተኛ ያውቃል" ብለውኛል አንድ ቀን። ለሀብተ ማርያም የመለሱለት ግን የተለመደውን ነው። ልጁ ይቁም፣ ያን ቀን እከፍታለሁ አሉት። ሀብተ ማርያም አንገቱን ደፍቶ ሄደ፤ እስከ ክረምት የሚጠብቅለት እንደሌለ ያውቃልና።

ከዚያ ሰማዩ እንግዳ ነገር አደረገ። ለጥምቀት ሰው ነጭ ለብሶ ከታቦት ሲመለስ ነጎድጓድ ጮኸ። በጥር ነጎድጓድ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው በመሐላችን አልነበረም። ዝናቡም እንደ መጣ የሚሄድ ዓይነት አልሆነም፤ ሳምንታት ዘነበ። ቡና የሚያሰጡ ሰዎች ቡናቸው ሻገተባቸው። ንቦቹ ከቀፎ አልወጣ አሉ። እኛ ጋ ደግሞ የካቲት ሲጋመስ፣ ከደኑ ውስጥ መሬቱ እየተሰነጠቀ ቡቃያው ወጣ። እንዲያ ያለ ብዛት ጣሰው በዕድሜው አላየም፤ እግርህን የምታሳርፍበት አልነበረም።

አማቴ ልጅ ሆኑ። ጠዋት ተነስተው ደኑ ውስጥ ናቸው፤ ማታ ቁመቱን ይነግሩናል። እኔ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬን አርግዤ ነበር። ሆዴን እያዩ "ማን ቀድሞ እንደሚቆም እናያለን" ይሉኝ ነበር። ጣሰው ግን ደስ አላለውም። አንዲት የወደቀች ቀርከሃ ሰንጥቆ አሳያቸው፤ ውሃው በእጁ ላይ ተንጠባጠበ። አሁን ከተቆረጠ ነቀዝ ይገባበታል፣ ይህም ዝናብ ዝናብ አይመስለኝም፣ ጥቂት ይታገሡ አላቸው። ለጣሰው ይህ ረጅም ንግግር ነው።

"ሕጉ ስለ ነቀዝ ምንም አላለም" አሉት አባቱ። "ልጁ ቆሟል። ከዚህ ሌላ ምን ልጠብቅ?"

የካቲት መጨረሻ ላይ ሀብተ ማርያምን አስጠሩት። ሰው ሁሉ ተከትሎት መጣ። አማቴ አንዱ ቡቃያ አጠገብ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ከጫፉ በታች ቀረ። "ተከፍቷል" አሉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ሌላ ዓመት በእግራቸው ጣት ቆመው፣ ተንጠራርተው፣ ከቡቃያው ጋር እየተጣሉ ነበር የሚለኩት። ያን ቀን ተረከዛቸው ከመሬት አልተነሳም። አየሁ፤ ቤታቸው በመትረፉ ደስ ስላለኝም ምንም አልመሰለኝም።

መላው ገበሬ ማኅበር ገባበት። ሌላ ዓመት ከየጉቶው ጎልማሳው እየተመረጠ ይቆረጥ የነበረው፣ ያን ጊዜ በቤት ቁጥር ስለታዘዘ የቆመ ሁሉ ተቆረጠ። ወንዱ ይቆርጣል፣ ሴቱ ቅርንጫፉን ይመለምላል፣ ወደ ታች በሰልፍ ይሸከሙታል። ካድሬው ሜዳው ላይ ቆሞ መፈክር ያስብላል። ሲጨርሱ ከቤታችን ጀርባ ገደሉ ታየኝ። ከተዳርኩ ጀምሮ አይቼው አላውቅም ነበር። መሬቱ ላይ የቀሩት ቡቃያዎቹ ብቻ ናቸው፤ ራቁታቸውን፣ ቅጠል ሳያወጡ፣ ሙሉ ፀሐይ ላይ።

እኔና ጣሰው ሜዳው ላይ በተመራልን ቦታ ጎጆ ቀልሰን ወረድን። ሀብተ ማርያም ቃሉን ጠበቀ፤ የአማቴን ቤት የነካ ሰው የለም። ዝናቡ ግን መጋቢት መጀመሪያ ላይ እንደ ተዘጋ በር ቀጥ አለ። ሰው መጀመሪያ እፎይ አለ፤ ግድግዳ ለመምረግ ይመቻል። መጋቢት አለቀ። ሚያዝያ ገባ። ሁልጊዜ ተራራውን የሚሸፍነው ጉም እንኳ ጠፍቶ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ነጭ ነበር። የዘራነው በቆሎ ከመሬት አልተነሳም።

አማቴ በቅል ውሃ እየቀዱ ቡቃያ ያጠጡ ነበር። እግራቸው ያማቸዋል፤ ከምንጩ እስከ ቡቃያው ተቀምጠው ተነስተው ነው የሚደርሱት። አንዱን ሲያጠጡ ሌላው ይጠቁራል። ጫፉ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይጎነበሳል፣ ከዚያ ብትነካው በእጅህ ይቀራል፤ ውስጡም ይሸታል። ጣሰው ለማኅበሩ ሥራ ከማይጠራበት ቀን እየሰረቀ ያግዛቸው ነበር። እኔም በዚያ ሆዴ አጠጥቻለሁ። አንድ ቀን ቅላቸውን ይዘው ወደ ምንጩ ሄዱና ባዶውን ይዘው ተመለሱ። ሄጄ አየሁት፤ ጠጠሩ ደርቆ ነጥቷል። ደኑ ሲሄድ ምንጩም እንደሚሄድ ያሰበ አልነበረም፤ ምንጩ ለእኛ እንደ ድንጋዩ ዝም ብሎ ያለ ነገር ነበር።

ወደ ታች እንዲወርዱ ለመንናቸው። ሀብተ ማርያምም ራሱ መጥቶ ለመናቸው፤ ያን ቃል የሰጣቸው እሱ እንዳልነበር ሁሉ። እምቢ አሉ። ቤቱ የሳቸው ነው፣ በቀርከሃው ገዝተውታል። ስለዚህ ውሃቸውን ከሜዳው ወንዝ ቀድቼ ወደ ላይ የምወጣው እኔ ሆንኩ። ጣሰው ጎህ ሳይቀድ ለማኅበሩ ቢሮ ግንባታ ይጠራል፤ ሌላ ሰው የለም። እንስራውን በጀርባዬ አዝዬ አቀበቱን እወጣለሁ። እሳቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። በነገር መነካካታቸው ቀርቷል፤ ውሃውን ሲቀበሉኝ ዓይኔን አያዩም። እኔ ግን ተናድጄባቸው ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። በየእርምጃው ግትርነታቸውን እየረገምኩ ነበር የምወጣው።

ግንቦት ውስጥ ወደቅሁ። ድሮ የቀርከሃው ሥር የያዘው አፈር ደርቆ ከእግሬ ሥር ተናደ። እንስራው ተሰበረ፤ እኔ ተንከባልዬ ጉቶ ላይ ቆምኩ። የጩኸቴን ድምፅ ሰምተው በዚያ እግራቸው የደረሱልኝ አማቴ ናቸው። ደግፈው ይዘውኝ ወረዱ፤ እንዴት እንደወረድን አላውቅም። ሕፃኑ በማግስቱ ያለ ጊዜው መጣ። ወንድ ነበር። አለቀሰ፣ ለጥቂት ጊዜ ተነፈሰ፣ አለቀ። ክርስትና አልተነሳምና ጣሰው ከመንደሩ ጀርባ ብቻውን ቀበረው። አማቴ ውጪ ተቀምጠው ነበር። ወደ ላይ አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ መጣ። ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ በዋዛ አልነበረም። ራቁቱን የቀረው ሸንተረር አፈሩን እየለቀቀ ምንጩን በደለል ደፈነው። ከቀርከሃው ጉቶ አንድም ቡቃያ አልወጣም። የወለደውን ሁሉ በየካቲት ወልዶ ጨርሷል።

በሐምሌ እኔ አሁንም ከአልጋ አልተነሳሁም ነበር። ደሜ አልቆም ብሎ አዳክሞኛል። ተኝቼ የማየው ጣሪያውን ነው፤ ከጣሪያውም ቀኑን ሙሉ የሚረግፍ ነጭ ዱቄት ነበር። ፊቴ ላይ፣ ጋቢዬ ላይ፣ ምግቤ ላይ ይረግፋል። ነቀዙ ሲበላ ይሰማል። የመንደሩ ቤት ሁሉ እንዲያ ነበር፤ ቀርከሃው ውሃውን ጠጥቶ እንደተቆረጠ አልረሳም። እርጥቡ ሣር ክዳን ሲከብደው ከወዲያ ማዶ የአንድ ቤት ጣሪያ ሰዎቹ በተቀመጡበት ወደቀ። ጣሰው የእኛን በባህር ዛፍ ሊደግፍ ፈለገ፤ ባህር ዛፍ በዚያ አካባቢ አልነበረም።

አማቴ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዱቄቱን ከጋቢዬ ያራግፉልኝ ነበር። አንድ ከሰዓት፣ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ።

"ያን ቀን አልተንጠራራሁም" አሉ። "ብንጠራራ እነካው ነበር።"

እንዳላየሁ ልነግራቸው አሰብኩ። ከዚያ ለምን እንደምዋሽላቸው አልገባኝም።

"አይቻለሁ፣ አባባ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቡቃያው ሲወጣ ደስ ያላቸው ለቀርከሃው እንዳልነበረ፣ ለቤታቸው እንደነበረ ነገሩኝ። ቢንጠራሩና አንድ ሳምንት ቢቆዩስ ምን ይለወጥ ነበር ብዬ ኋላ አስቤያለሁ። ምናልባት ምንም። ሰማዩ ያታለለው እሳቸውን ብቻ አልነበረም፤ የታች ሰፈር ሰዎችም በጥር ዝናብ ዘርተው ዘራቸውን ድርቁ በልቶባቸዋል። ይህን ግን ያን ዕለት አልነገርኳቸውም። ልጄን ቀብሬ ነበር፤ ለማንም ማጽናኛ አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት አጠገቤ አልነበሩም። ጣሰው ፈልጓቸው ወደ ላይ ወጣ። ከጣሪያው ላይ አገኛቸው። ክዳኑን ገፈው፣ ማሰሪያውን በገጀራ እየበጠሱ፣ ያን በጭስ የጠቆረ ቀርከሃ አንድ በአንድ ወደ መሬት ያወርዳሉ። ይውረዱ ቢላቸው ተቀበል አሉት። አባትና ልጅ በዝናብ ውስጥ ሲያፈርሱ ዋሉ፤ እየተሸከሙም ወደ እኛ ጎጆ አመጡት። ሀብተ ማርያም ደርሶ፣ ይህ ቤት እንዳይነካ ቃል ገብቻለሁ፣ ማን አዘዘ ብሎ ጠየቀ። ማፍረሳቸውን ቀጠሉ። ቆቡን አወለቀና እሱም አንድ ቀርከሃ ተሸከመ።

እኔን ከነአልጋዬ ወደ ጥግ አስጠግተው ጣሪያውን ከሥር ከሥሩ ደገፉት። ያ ጥቁር ቀርከሃ ሲገባ ነጩ ዱቄት ቆመ ማለት አይደለም፤ ግን ጣሪያው መንቃቃቱን ተወ። አማቴ ከራስ እስከ እግራቸው በስብሰው ይንቀጠቀጡ ነበር። ሁሉም ካለቀ በኋላ አንዲት ቀርከሃ ተረፈች፤ ከሚስታቸው መኝታ በላይ የነበረች ናት፤ ጣሰው ኋላ ነግሮኛል። ይዘዋት በሩ ላይ ቆሙ። እኚያ ሰው በሕይወታቸው አንድን ነገር የት እንደሚያኖሩ ሌላ ሰው ጠይቀው አያውቁም፤ በገዛ ቤቴ ድስቴን የት እንደምጥድ የሚነግሩኝ እሳቸው ነበሩ።

"የምሥራች፣ ይህችን የት ላድርጋት?" አሉኝ።

ከራሴ በላይ ያለውን ቦታ አሳየኋቸው። እዚያ አደረጓት።